ከካዛንቺስ እስከ ለገሐር በእግር

አንባቢ ሆይ፥ ከደሴ ለሥልጠና ተጠርተህ፥ ወይም ከጅማ ለአንድ የፋይል ጉዳይ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተልከህ፥ አዲስ አበባ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ታድር ዘንድ ግድ ሆነብህ እንበል። የውሎ አበልህ ልኩ የታወቀ ነው። ከርሱ ላይ የአልጋ፥ የምግብና የታክሲ ከፍለህ፥ ጥቂት ተርፎህ ለእናትህ ነጠላ ገዝተህ ለመመለስ ታስባለህ። ዘመድ ቤት ማደር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሆቴል ይልቅ ያስወጣል፤ ባዶ እጅ ተይዞ አይገባምና። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለአንተ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ሆነህ በእረፍት ቀን ከተማውን በእግርህ ለማወቅ ብትመኝም ይጠቅምሃል።

በከተማው አነጋገር ሰው ክፍል አይከራይም፤ «አልጋ ይይዛል» ነው የሚባለው። ፔንሲዮን፥ አልቤርጎ፥ የእንግዳ ማረፊያ እየተባለ ስሙ ይለዋወጥ እንጂ የሚሸጠው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ንጹሕ አንሶላ፥ የሚቆለፍ በርና ጸጥታ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀረው ጌጥ ሁሉ አይረባህም። ዋጋውን በቁጥር አልጽፍልህም፤ ዛሬ የተጻፈው ዋጋ መጽሔቱ እጅህ እስኪገባ ድረስ ይለወጣልና። ነገር ግን በዋጋ ከመስማማትህ በፊት ክፍሉን አሳዩኝ በል። አንሶላውን ገልጠህ ተመልከት፤ ነውር አይደለም። ቧንቧውን ከፍተህ ውሃ መኖሩን እይ። መንገድ ዳር ያለውን ትተህ የጓሮውን ክፍል ጠይቅ፤ ከሥሩ መጠጥ ቤት ካለ ግን አመስግነህ ውጣ። ሻወር በክፍሉ ውስጥ ያለውና የጋራ የሆነው ዋጋቸው ይለያያል፤ ለሦስት ሌሊት የጋራው ይበቃል ባይ ነኝ። መታወቂያህን አትርሳ።

እኔ ባለፈው ጊዜ አልጋ የያዝሁት ከኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፥ አንዲት አሮጊት በሚያስተዳድሩት ትንሽ ፔንሲዮን ነበር። «እማማ፥ ሙቅ ውሃ አለ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ቀዝቃዛው መምጣቱንም ተመስገን በል። ሙቅ ከፈለግህ ፍል ውሃ አለልህ፤ እቴጌም እዚያ ነው የታጠቡ» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው፤ ሆኖም ከታሪክ አልወጣም።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በሙቅ ውሃ ምክንያት ነውና። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ቦታው ብርድና ነፋስ የበዛበት፥ የማገዶ እንጨትም እየራቀ የሄደበት ሆነ። እቴጌ ጣይቱ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ወደሚሉት ወደዚህ ቆላ እየወረዱ በፍል ውሃው መታጠብ ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. በዚያው አቅራቢያ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየተከተሉ ወረዱ። ከካዛንቺስ ተነሥተህ ወደ ፍል ውሃው ስትሄድ እንግዲህ ወደ ከተማይቱ እትብት መሄድህ ነው።

ስለ ካዛንቺስ ስም ደግሞ ጥቂት ልንገርህ፤ አንተን የሚመለከት ነገር አለበትና። ኢጣልያ አገራችንን ወርራ በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፥ ለመንግሥቷ ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ ድርጅት ነበራት፤ ስሙ በምኅጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባላል። ድርጅቱ የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ይህም በአዲስ አበባ ሰው አፍ ተጨፍልቆ ካዛንቺስ ሆነ። ትርጉሙ እንግዲህ «የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች» ማለት ነው። እርግጥ ቤቶቹ ለኛ ሰው ታስበው አልተሠሩም፤ የወራሪው የከተማ ፕላን ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ማስፈር ነበር ዓላማው። ነገር ግን ወራሪው ሲባረር ቤቶቹ ቀሩ፥ ስሙም ቀረ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ በሰፈሩ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩም ቀላል ስለ ነበረ ጸሐፊው፥ ሾፌሩ፥ የጡረታ አበል ተቀባዩ፥ ጉልት የምትሸጠው እናት ከሚኒስቴሮቹና ከትልልቆቹ ሆቴሎች አጥር ሥር ለመኖር ቻሉ። ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው ከሥራ ቦታው በእግሩ እየሄደ የሚገባበት ቤት በከተማው መካከል ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህ ግን በአብዛኛው ያለፈ ነገር ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ በኮሪደር ልማቱ ሥራ የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ ሩቅ ሰፈሮች ተዛወረ። ሰፊ መንገድ፥ የእግረኛ መሄጃ፥ መብራትና አበባ መጥቷል፤ ይህን የሚክድ ዓይን የለኝም። ከቀድሞው ቤት ብዙው የጋራ መጸዳጃ የነበረው፥ ጣራው የሚያፈስ እንደ ነበረም የኖረበት ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም አብረው የፈረሱት ቆርቆሮና ጭቃ ብቻ አልነበሩም። የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች፥ ከነርሱም መካከል ተወዛዋዡ መላኩ በላይ የባህል ማእከል ያደረገው ፈንድቃ፥ በዚያው ጊዜ ከቦታቸው ተነሥተዋል። በፈንድቃ የማሲንቆ ተጫዋችና የውጭ አገር የጃዝ ሙዚቀኛ በአንድ ጣራ ሥር ይሰሙ ነበር። ርካሽ አልጋ የነበራቸው ቤቶችም ተመናምነዋል። ስለዚህ ዛሬ በኪስህ ልክ አልጋ የምትፈልግ እንደ ሆነ፥ በኡራኤል በኩል፥ አልፈህም በኦሎምፒያና በመስቀል ፍላወር የውስጥ መንገዶች ብትጠይቅ ይሻልሃል። የቆየ ካርታ ይዘህ አትምጣ፤ ሰው ጠይቅ።

አሁን ጫማህን አጥብቀህ እንውረድ። በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ቁልቁል ስትሄድ የአፍሪካ አዳራሽን ታገኛለህ። ኢጣልያዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች ፊርማ ያረፈበት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተወለደው እዚህ ነው። በብዙ ድካም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ለማየት አስቀድሞ መመዝገብና መታወቂያ ማሳየት ስለሚያስፈልግ፥ የመጣህ ዕለት ጉዳዩን ጀምር። ከገባህ ዘንድ ከሁሉ አስቀድመህ አፈወርቅ ተክሌ የሠራውን የመስታወት ሥዕል እይ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ፥ ያለና የሚመጣ ዘመን ያሳያል። ጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ቀለሙ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ሠዓሊው ይህን ሲሠራ ዕድሜው 30 አልሞላም ነበር፤ ደግሞም ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና ይማር ዘንድ ነበር። አባትህ በመረጡልህ ትምህርት የምትጨነቅ ተማሪ ከሆንህ፥ ከመስታወቱ ፊት ቆይተህ አስብ።

ከአዳራሹ ማዶ፥ ከዛፎቹ ጀርባ ያለው የቀድሞው የኢዮቤልዩ፥ የአሁኑ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በ1948 ዓ.ም. ሲከበር የተሠራ ስለ ሆነ ስሙን ከዚያ አገኘ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት የደርግ መኮንኖች የመውረጃውን ቃል ያነበቡላቸው በዚሁ ቤት ነው፤ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱን በትንሽ ቮልስዋገን አሳፍረው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው። ሁለቱ ቦታዎች በእግር ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስዱ ናቸው። የግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሥልጣን ዘመን በዚህች አጭር መንገድ ላይ አለቀ። በአጥሩ ዳር ስታልፍ ካሜራህን በኪስህ አድርግ፤ ፎቶግራፍ ለማንሣት ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ታች ስትወርድ ቅዱስ እስጢፋኖስን ተሳልመህ መስቀል አደባባይ ትደርሳለህ። መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚደመርበት ይህ አደባባይ በደርግ ዘመን የአብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ወርውረው የሰበሩት እዚህ ነው፤ ቀይ ሽብር የተባለውም ግድያ ተፋፋመ። ዛሬ በአደባባዩ ዳር፥ በቦሌ መንገድ መነሻ በኩል፥ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ቆሟል። በደጁ የሚያለቅሱ ሦስት ሴቶች ሐውልት አለ። የመግቢያ ገንዘብ አይጠየቅም፤ የፈቀድህን ያህል በሣጥን ትጥላለህ።

የሌሎቹ ቦታዎች ጉብኝት ቢያጥርብህ እንኳ እዚህ አትቸኩል። ግድግዳውን የሞሉት የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ጎፈሬ ያበጠሩ፥ የሸሚዛቸው ኮሌታ የሰፋ፥ ለመታወቂያ የተነሡ የሚመስሉ ልጆች። ከነርሱ መካከል የወር ደመወዙን ገና ጥቂት ጊዜ የተቀበለ የመንግሥት ሠራተኛም አይጠፋም። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፥ ከአጽሙ ጋር የተገኘ ልብስና ጫማ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ቤተ ሰብ ልጁን የለየው አንዳንዴ በዚያ ልብስ ነው። አራት ልጆቻቸው በአንድ ቀን የተገደሉባቸው እናትም አሉ። አስጎብኚዎቹ ጥቂቶች ራሳቸው ታስረውና ተገርፈው የተረፉ ሰዎች ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ይናገራሉ። ጥያቄ ካለህ ጠይቃቸው፤ ነገር ግን በማን ወገን እንደ ነበሩ ለመፍረድ አትቸኩል። አባቶቻችን በዚያ ዘመን በሁለትም በሦስትም ተከፍለው ነበር፤ ያንተም ቤት ያልተነገረ ነገር ይኖረው ይሆናል። ወደ አገርህ ስትመለስ አጎትህን ጠይቅ።

ከዚያ ቀጥሎ የራስ ብሩ ቤት የነበረውን፥ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን አሮጌ ቤት ብታይ የቀድሞውን ከተማ በፎቶግራፍ ታገኛለህ፤ ክፍት መሆኑን ግን ቀድመህ አጣራ። ገንዘብህ የሚፈቅድ እንደ ሆነ በሌላ ቀን፥ ከካዛንቺስ በላይ በዐፄ ምኒልክ ግቢ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ ጨምርበት። እርሱ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

የመጨረሻው ቦታ ለገሐር ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ «ላ ጋር» የመጣ ሲሆን «ባቡር ጣቢያ» ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመርቋል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ዳር ስለሚነሣ እዚህ የምትሳፈርበት የለህም፤ በፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ግን ሳታይ አትለፍ። በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ዋዜማ የቆመው ይህ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ሮም ተወሰደ። በ1930 ዓ.ም. ኤርትራዊው ወጣት ዘርዓይ ደረስ በዚያ አደባባይ ሲያልፍ አየው፤ ተንበርክኮ ጸለየ፥ ሊያስቆሙት በመጡ ጊዜም ሰይፉን መዘዘ። ታስሮ በዚያው በኢጣልያ በ1937 ዓ.ም. ሞተ። አንበሳው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እዚያ ስትደርስ ፀሐይ ካዘቀዘቀች፥ ወደ ኡራኤል የሚሄደውን ታክሲ በስታዲየም በኩል ፈልግ። የፔንሲዮኑ በር ቀደም ብሎ ሊቆለፍ ስለሚችል የምትገባበትን ሰዓት ለዘበኛው ጠዋት ስትወጣ ንገረው።