ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ጎበዝ አይደለም

በብስክሌት ስወጣ አራት መለኪያዎች አብረውኝ ይወጣሉ። አንዱ በጂፒኤስ መንገዴንና ፍጥነቴን ይመዘግባል፤ ሁለተኛው ደረቴ ላይ ታስሮ የልብ ትርታዬን ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ፔዳሉ ውስጥ ተቀብሮ ጉልበቴን በዋት ያሰላል፤ አራተኛው የአየር ግፊትን እየለካ ምን ያህል ከፍታ እንደወጣሁ ይነግረኛል። ወዳጆቼ «ይህ ሁሉ ለምን?» ይሉኛል። መልሴ ስፖርትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቁጥር በሪፖርት እንደ ዝናብ በሚወርድበት አገር የሚኖር ሰው፣ ቁጥር መቼ እውነት እንደሚናገርና መቼ እንደሚዋሽ በገዛ እግሩ ቢማር ይበጀዋል ብዬ አምናለሁ።

ከፍጥነት እንጀምር። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እበርራለሁ፤ ስወጣ 9 ላይ እንፏቀቃለሁ። ፍጥነቴን ብቻ ያየ ሰው ቁልቁለቱ ላይ ጀግና፣ ዳገቱ ላይ ሰነፍ ይለኛል። የዋት መለኪያው ግን ተቃራኒውን ይመሰክራል፦ ስወርድ ዜሮ፣ ስወጣ 220። ጀርመናዊው መሐንዲስ ኡልሪች ሾበረር እ.ኤ.አ. በ1986 ድርጅት አቋቁሞ ያስፋፋው ይህ መሣሪያ፣ በብረቱ ላይ የሚያርፈውን የእግር ጫና ከአዟዟሩ ፍጥነት ጋር አባዝቶ ጉልበትን ያወጣል። ነፋስም ሆነ ቁልቁለት አያታልለውም። እናም «ዕድገት» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በፔዳል ነው ወይስ በቁልቁለት?

የተገኘበት ሁኔታ ያልተነገረለት ቁጥር ግማሽ እውነት ነው። ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አየርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ክሪስ ቦርድማን በተመሳሳይ ዓይነት ብስክሌት ማንቸስተር ላይ 49.441 አስመዘገበ። ልዩነቱ 10 ሜትር ብቻ ነው፤ የተጋለበበት አየር ግን አንድ አልነበረም።

መለኪያውም ራሱ ዳኛ ያሻዋል። ረፋድ ላይ ግድግዳ አስደግፌ የተውኩትን ብስክሌት ከሰዓት በኋላ ስመለስበት፣ የአየር ግፊቱ በመውረዱ ብቻ ከፍታ ለኪው ሃያ ሠላሳ ሜትር «ወጥተሃል» ይለኛል። ቆሞ መውጣት ማለት ይህ ነው! መድኃኒቱ ከፍታው በሚታወቅ ስፍራ ቆሞ መሣሪያውን ማስተካከል፣ ማለትም ከራሱ ውጭ የሆነ ምስክር መጥራት ነው። ሪፖርት አቅራቢውም መርማሪውም አንድ ሰው በሆነበት መሥሪያ ቤት ምን እንደሚከተል አንባቢ ያውቀዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አራቱም መለኪያዎቼ የማይነግሩኝ ነገር ነው፤ የምተነፍሰው አየር። ዳገት የሚወጣ ብስክሌተኛ ዐርፎ ከተቀመጠ ሰው ብዙ እጥፍ አየር ይስባል፤ ከአሮጌ መኪና ጭስ የሚወጣውን ደቃቅ ብናኝም አብሮ ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ እየለካ ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአሜሪካ መንግሥት በየኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን ይህን መረጃ ማሠራጨት አቆመ። ያን ቀን አየራችን አልጠራም፤ የጠፋው ቁጥሩ ነው።

በሰው ሚዛን የሚመዘን ሳንባ ባለሚዛኑ ሲነሣ ያለ ምስክር ይቀራል። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶልናል፤ መልካም ነው። በመንገዱ ዳር የአየር መለኪያ ይተከልልን፤ ውጤቱ በየሰዓቱ ይነገረን፤ ሌላ ወገንም ይመርምረው። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሰምተናል። በላዩ ላይ ምን እንደምንተነፍስም የማወቅ መብት አለን።

ቸር ይግጠመን።