ማሚን የወሰዳት አውሮፕላን

ለእኛ ለትልልቆቹ አውሮፕላን ማለት ቪዛ፣ ትኬትና 23 ኪሎ ሻንጣ ነው። ለሕፃን ልጅስ? እንዲህ ብሎ መጠየቅ አለመደብንም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን ስላደግን፣ የልጅ ፍርሃትም ከቁም ነገር አይገባልንም። ሲያለቅስ ከረሜላ እንሰጠዋለን፤ ከረሜላው ካልሠራ ቁንጥጫ ይከተላል።

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። እናቷ ለሥራ ዱባይ የሄደችው ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው፤ ያሳደገቻት አያቷ፣ ማለትም የእኔ እናት ናት። የልጅቷ ቪዛ ተሳካና አድራሽነቱ እኔ ላይ ወደቀ። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ልጅቷ ግን «አውሮፕላን» የሚል ቃል በሰማች ቁጥር አያቷ ነጠላ ውስጥ ትደበቃለች።

«ድምፁ ነው የሚያስፈራት» አለች እማዬ። አንድ ወዳጄ ደግሞ «የጉንፋን ሽሮፕ ስጣት፣ ለጥ ትልልሃለች» ብሎ መከረኝ። የሕፃናት ሐኪም ብጠይቅ በጭራሽ አሉኝ፤ ያ ሽሮፕ አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ያቅበጠብጠዋል።

አንድ አመሻሽ ላይ አቅፌያት በረንዳ ቆመን ሳለ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። አንገቴ ሥር ተወሽቃ «ጋሼ፣ ማሚን በላት» አለችኝ። ነገሩ ለካስ ወዲህ ነው! «ማሚ የት ሄደች?» ባለች ቁጥር ሰፈርተኛው ሁሉ የሚመልስላት «አውሮፕላን ወሰዳት» እያለ ነበር። ሲወስድ እንጂ ሲመልስ አላየችም። ታዲያ ብትፈራ ይፈረድባታል?

በማግስቱ እናቷ በቪዲዮ ስትደውል ነገሩን አጫወትኳት። «አልበላኝም የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ ብዬ ምሳ በልቼ ወረድኩ» አለቻት፤ ከዚያ ስልኩን አዙራ አለቀሰች። እኛም የሳሎኑን ወንበሮች ደረደርን፤ የአያቷ መቀነት ቀበቶ ሆነ፤ እማዬ ሆስተስ ሆና ቆሎ አደለች። በየማታው ዱባይ ደርሰን መጣን። በሳምንቱ መቀነቱን ራሷ ፈታችና «ማሚ ወረደች» አለች።

የጆሮው ጉዳይ ደግሞ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ውስጥ አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደምናገኘው ያለ ነው። ስለዚህ ከቦሌ ሲነሡ ለጆሮ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ጉዱ ያለው ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ዱባይ ሲወርዱ ነው። የሕፃን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝበት ቱቦ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ አይከፈትም። መፍትሔው መዋጥ ነው፤ ለጡት ልጅ ጡት፣ ከፍ ላለው ውሃ ወይም ጭማቂ። የተኛ ልጅ እንደ ልብ ስለማይውጥ መውረድ ሲጀመር መቀስቀስ ይሻላል።

አውሮፕላኑ ሲያኮበኩብ አለቀሰች። «ምንም የለም» አላልኳትም። «ትልቅ ድምፅ ነው፣ እኔም ሰማሁት፤ አሁን ይቀንሳል» አልኳት። ሲቀንስ ቀና ብላ አየችኝ። ያልኳት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አመነች። መውረድ ሲጀምር ቀስቅሻት ጭማቂዋን በቀሰም እየሳበች አረፍን።

ዱባይ ላይ ግን እንደ ፊልም እናቷ ላይ ሮጣ አልተጠመጠመችም። እግሬ ሥር ተሸጉጣ ብዙ ካስተዋለቻት በኋላ አንድ ጣቷን ብቻ ያዘቻት። ማታ ላይ ደግሞ ሁለታችንንም ዝም ያሰኘ ጥያቄ አመጣች፤ «እማማንስ አውሮፕላኑ መቼ ያመጣታል?»

እናቷ «አመጣታለሁ» ብላ አልዋሸችም። «እማማ ቤቷ ናት፤ ነገ እንደውልላታለን» አለቻት። በማግስቱም ደወሉ።

ልጅ ይዛችሁ ለመብረር ያሰባችሁ ወገኖች፣ ሻንጣችሁን ከመመዘናችሁ በፊት ቁጭ በሉና አውሮፕላን ምን እንደሚያደርግ ልጃችሁን ጠይቁት። መልሱ ከሻንጣው ይከብድ ይሆናል።