ስም የተቀረጸበት ስለት

አንድ ሰው የእጅ ሥራ ቢላዋ በ600 ዶላር መግዛቱ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያከራክር ውሏል፤ ጉዳዩ ግን ረጋ ተብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። «በየሱቁ ርካሽ ቢላዋ ሞልቶ ሳለ ለአንድ ስለት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ጥጋብ ነው» የሚለው ወቀሳ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም፣ ገዢው የወሰደው የሽንኩርት መክተፊያ ሳይሆን የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ልምድ፣ የዓይን ልክና የእጅ ጥበብ ተጠቃሎ ያረፈበት ሥራ መሆኑን ያላገናዘበ ነው። የእጅ ሥራ ቢላዋ ሰብሳቢ የሚባለው፣ ከብረቱ መረጣ ጀምሮ እስከ እጀታው መወልወል ድረስ በስሙ በሚታወቅ አንድ ሠሪ እጅ ያለፉ ቢላዋዎችን እየመረጠ የሚገዛ፣ የሚያጠናና የሚጠብቅ ሰው ነው፤ በመሳቢያው የሚያከማቸው ስለት ቢመስልም በእውነቱ የሚሰበስበው የሠሪዎችን እጅ ነው።

ልማዱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በአሜሪካ ነው። ዊልያም ስኬግል (1875–1963 እ.ኤ.አ.) የሚባለው የሚሺጋን ሰው፣ ፋብሪካዎች በሺህ የሚቆጠር ቢላዋ በሚያወጡበት ዘመን፣ ለብቻው በአውደ ጥናቱ ተቀምጦ አንድ በአንድ ይሠራ ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ የጀልባ ቀለም ሲፋቅበት ስለቱ ምንም ሳይጎዳ ያየው የፍሎሪዳው ቦ ራንዳል፣ በነገሩ ተደንቆ በ1930ዎቹ መጨረሻ የራሱን ቢላዋ መሥራት ጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ስሙ በወታደሮች ዘንድ ገነነ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሮበርት ላቭለስ የሚባል ወጣት የመርከብ ሠራተኛ ኒው ዮርክ ውስጥ ወደሚገኝ መደብር ሄዶ የራንዳልን ቢላዋ ሲጠይቅ ወራት መጠበቅ እንዳለበት ስለተነገረው፣ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ የመኪና ባሌስትራ አንሥቶ የራሱን ቀርጾ አወጣ። ይህ ሰው በ2010 እ.ኤ.አ. እስኪያርፍ ድረስ በካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ ከተማ ሲሠራ የኖረ ሲሆን፣ ለአውሮፕላን ሞተር ዕቃዎች ይውል የነበረውን ጠንካራ አረብ ብረት ወደ ቢላዋ ሥራ በማምጣቱና ጫፉ ከጀርባው መስመር ዝቅ ብሎ በሚወርደው የአደን ቢላዋው የዘመኑን ሠሪዎች ሁሉ ዓይን ለውጧል። በ1970 እ.ኤ.አ. የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሱ ነበር።

የላቭለስ መንገድ ብረቱን ከዝርግ ጠፍጣፋ ላይ በመሞረድና በመሳል ቅርጹን ማውጣት ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ብረቱን በእሳት አግሎ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቅርጽ ማስያዝ ሲሆን፣ ይህ የጥንቱ መንገድ በአሜሪካ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ ያዳነው የሜሪላንዱ ቀጥቃጭ ቢል ሞራን ነው። ሞራንና ባልደረቦቹ በ1976 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር አባላቱን በፈተና የሚያሳልፍ በመሆኑ ለጀማሪ ሰብሳቢ ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው። ተፈታኙ ራሱ በቀጠቀጠው ቢላዋ በመጀመሪያ 1 ኢንች ውፍረት ያለውንና ታችኛው ጫፉ ሳይታሰር የተንጠለጠለውን ገመድ በአንድ ምት መቁረጥ አለበት፤ ቀጥሎ ለቤት ግንባታ የሚውለውን ወፍራም ጣውላ እየመታ ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል፤ ከዚያም ያው ስለት ሳይሳል የክንድ ፀጉር መላጨት ይጠበቅበታል፤ በመጨረሻም ቢላዋው ጫፉን በሞርሳ ተነክሶ 90 ዲግሪ እስኪሆን ይታጠፋል፤ ከተሰበረ ሠሪው ወድቋል። የዋናው ሊቅነት ማዕረግ ፈላጊ ይህን ሁሉ ከ300 ንብር ባላነሰ ድርብርብ ብረት ቢላዋ መድገም ግዴታው ነው።

ፈተናው ለተመልካች ትርኢት ቢመስልም እያንዳንዱ ደረጃ የብረቱን ውስጥ የሚገልጥ ነው። አረብ ብረት ወደ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግድም ግሎ ማግኔት መሳቡን ሲያቆም ከእሳቱ ወጥቶ በሞቀ ዘይት ውስጥ ቢነከር እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን በዚያው ቢተው እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ ሠሪው እንደገና በ200 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ ውስጥ አቆይቶ ጥንካሬውን በመጠኑ ያበርድለታል። የተዋጣለት ቀጥቃጭ ስለቱን ጠንካራ፣ ጀርባውን ግን ልዝብ አድርጎ ያስቀራል፤ ፀጉር የሚላጨውም ሆነ ሲታጠፍ የማይሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ተፈታኙ በዘመኑ ከሚሠራቸው ሁሉ አብልጦ የሚጠነቀቅለት ይህ ቢላዋ በፈተናው ማብቂያ ላይ ጎብጦ ከአገልግሎት ውጪ መሆኑም የሙያውን ክብር ያሳያል፤ የሚገኘው ማስረጃ በየሥራው ላይ የሚመታ አንዲት ምልክት ናት፣ ያቺን ምልክት ለማግኘት ደግሞ ምርጡ ሥራ ይሠዋል።

ድርብርብ ብረት የተባለው፣ በገበያ ደማስቆ እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ ሞራን በ1973 እ.ኤ.አ. በቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ዐውደ ርእይ ይዞት ከቀረበ በኋላ የሰብሳቢዎች ሁሉ ምኞት ሆኗል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ብረቶችን እያፈራረቁ መደርደር፣ እሳት ውስጥ ደማቅ ቢጫ እስኪሆኑ አግሎ በመዶሻ ማጣበቅ፣ ከዚያም እየዘረጉና እያጠፉ መደጋገም ነው፤ በ20 ንብር የተጀመረ ክምር አራት ጊዜ ሲታጠፍ 320 ይሆናል። ከሁለቱ ብረቶች አንደኛው ኒኬል ያለበት በመሆኑ፣ የተጠናቀቀው ስለት አሲድ ውስጥ ሲገባ ኒኬል የሌለበት ይጠቁራል፣ ያለበት ግን ብርማ ሆኖ ይቀራል፤ እንደ ወንዝ ሞገድ የሚተምመው ሐረግም በዚህ ይገለጣል። ዋጋው ሲንር አስመሳዩም በዝቷል፤ በተራ ብረት ላይ መስመር በአሲድ ወይም በሌዘር አሳትሞ ደማስቆ ነው የሚል ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቢላዋውን አዙሮ ጀርባውን ይመልከት፤ የጎኑ ሐረግ ጠርዙን አልፎ በጀርባው ላይ የንብሮቹ መስመር ሆኖ ካልቀጠለ ነገሩ የላይ ላይ ሥዕል ነው።

ማየት የሚለመድ ሙያ ነው። ነባር ሰብሳቢ ቢላዋ ሲቀበል ሐረጉን አድንቆ ከመመሰጡ በፊት ጫፉን ወደ ራሱ አቅንቶ ያነጣጥርበታል፤ ስለቱ ከጀርባው መሐል ለመሐል መውረዱን፣ በግራና በቀኝ የተሞረደው ገጽ እኩል መጀመሩን፣ ብረቱ ከእጅ መከላከያው ጋር በሚገጥምበት ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አለመኖሩን፣ እንጨቱ ከብረቱ ጋር ሲዳሰስ ጥፍር የሚይዝ ድንበር አለማበጀቱን ይመረምራል። ሠሪው ሊደብቀው የሚችለው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ተሸሽጎ የሚገኘው በእነዚህ አራት ቦታዎች ነው። ከዚህ በኋላ የስለቱን ልክ በክንዱ ፀጉር ይሞክራል፤ በአትላንታ በየዓመቱ በሚካሄደው ታላቁ የቢላዋ ዐውደ ርእይ ላይ እጅጌውን የጠቀለለ ሰው ግራ ክንዱ ተመልጦ ከታየ ሰብሳቢ መሆኑን ለማወቅ ስሙን መጠየቅ አያስፈልግም፤ የሙያው መታወቂያ ወረቀት ያ ነው ተብሎ ይሳቃል። ቢላዋውን ወደ ቤት የወሰደ ደግሞ በቆዳ ሰገባው ውስጥ እንዳያኖረው ይመከራል፤ ቆዳው የተለፋበት ንጥረ ነገርና የሚስበው እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል፤ ሰገባው ለመያዣ ነው፤ ስለቱ ግን በስሱ ዘይት ተቀብቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ሲተነተን ግን ልብን የሚያሳርር አንድ ጉዳይ ሳይጠራ ይመጣል። በአትላንታ ሰዎች የቀጥቃጩን እጅ ለመጨበጥ በሰልፍ ሲቆሙ፣ ሥራው ለዓመታት አስቀድሞ ታዝዞ ወረፋ ሲያዝለት እየታየ፣ በኢትዮጵያ ግን ያው ሙያ ለብዙ መቶ ዓመታት የስድብ ምንጭ ሆኖ መኖሩ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ፣ የሚፈልጥበት መጥረቢያ፣ በጉን የሚያርድበት ካራ ሁሉ ከቀጥቃጩ መስፍና መዶሻ ሥር የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ቀጥቃጩ ራሱ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይሄዳል እየተባለ ከማዕድ ይገለል፣ ለጋብቻ ይጠላ ነበር። ወናፍ እየነፋ ፍም ላይ የሚጎነበሰው ሰው እሳትን ማዘዝ መቻሉ እንደ ጥበብ መቆጠሩ ቀርቶ እንደ ርኩስ መንፈስ ሥራ ተቆጠረ። የተሠራው ብረት ይፈለጋል፣ የሠራው እጅ ይፈራል፤ ከዚህ የከፋ ውለታ ቢስነት ማግኘት ያስቸግራል።

በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ይህን መከራ ከማንም በላይ ቀምሰውታል። ከርስት ባለቤትነት የተገፋ ሕዝብ በእጁ ሥራ ማደር ነበረበትና ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ሆኑ፤ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃም በዚህ የእጅ ሥራ ትታወቅ ነበር። ሙያውን የያዙት ሌላ መተዳደሪያ ስለተነፈጉ ሆኖ ሳለ፣ የያዙት ሙያ ተመልሶ ለመናቃቸው ምክንያት ተደረገባቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያስረዳል፤ ለስድብ አዋጅ የሚያስፈልገው ስድቡ አገር ሲያጠፋ ነውና። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ያ የስድብ ቃል ዛሬም በጭቅጭቅ መካከል ከአፍ ሲወጣ ይሰማል።

ንቀቱ በታሪክ መዝገብም ላይ ጠባሳ ትቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባቋቋሙት የመሣሪያ ማምረቻ የሠሩት እንደ ቫልድማየር ያሉ አውሮፓውያን ስማቸው በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል፤ ከእነርሱ ጎን ከሰል ያከሰሉት፣ ወናፍ የነፉት፣ ብረት ያቀለጡት የሀገሩ ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። የመኳንንቱ ጎራዴም ያንኑ ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ከተታጠቁት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ ነበርና፣ በእጅ መከላከያው አጠገብ የፋብሪካው ስም ተመትቶ ይነበባል። በሀገር ቤት ቀጥቃጭ የተሠራው ሾተል ግን የታጠቀው ጌታ በስሙ ሲጠራበት፣ ያበጀው ሰው ምልክት ሳይኖረው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተላልፏል። ስሙን ብረቱ ላይ ቢመታው ኖሮ ጌትየው አብሮ ይታጠቀው ነበር ወይ?

ስለዚህ ዛሬ የተወቀሰው ገዢ ያደረገው ነገር መመስገን ያለበት ነው። አንድን ሠሪ በስሙ ፈልጎ አገኘ፣ ተራውን ጠብቆ አዘዘ፣ የጉልበቱን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ፤ ቀጥቃጭ በሙያው ተከብሮ የሚኖረው እንዲህ ዓይነት ገዢ ሲያገኝ ነው። ሰብሳቢ ለመሆን የሚያስብ ሰው ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ብዙ ቢላዋ ጨብጦ ማየት፣ አንድ ዓይነት ወይም አንድ አካባቢ መርጦ በእርሱ ላይ መጽናት፣ ከሁሉም በፊት ግን ዕቃውን ከመውደዱ በፊት ሠሪውን ማወቅ ይበቃዋል። ይህን ያነበበ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ካራ፣ ማጭድ ወይም ጎራዴ በቤቱ ካለ ዛሬውኑ ታላላቆቹን ማን እንደሠራው ይጠይቅ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የሠራበትን መንደር በወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ያኑር፤ የሚያውቁት አዛውንት ካለፉ በኋላ የሚነግረው አይኖርም።