ቅዳሜ፣ ሳሙናና ካቴና

ሳይክል የሚታጠበው እንዲያምር ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ በሳይክል የሚተዳደር ቤት አያውቅም ማለት ነው። እኛ ቤት ይታወቃል። አባቴ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ባሕር ዳር፣ ከቀበሌ 14 ማታ በ12 ሰዓት ይወጣና ጧት በ1 ሰዓት ይመለሳል። በየቀኑ በባጃጅ ይመላለስ ቢባል ከደመወዙ የሚተርፈው ለቡና እንኳ አይበቃም። እንግዲህ ያቺ ሻንጋይ የተሠራች ጥቁር ፊኒክስ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚበልጠው፣ የቤታችን አንዷ ተጧሪ ሳትሆን አንዷ ጧሪ ናት።

ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል የተፈጠረች ትመስላለች። ግን የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ተራ ገብተው ነው የሚያጠቁት። ሰዉ ደግሞ፣ መቸም ልማድ ሆኖበት፣ ሌላው የሚያይለትን ብቻ ነው የሚያጥበው። ቅዳሜ ጧት በየግቢው በር ብታልፉ ፓራፋንጎ ይወለወላል፣ ኮርቻ በሳሙና ይታሻል፤ ካቴናው ግን እንደ ጠቆረ ይቀራል። (ካቴና ስል የእስረኛውን እንዳይመስላችሁ። ቢዝግ እሱም እግር ያስራል እንጂ!)

«ካቴናው ተለጠጠ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ብረት እኮ ላስቲክ አይደለም፣ አይለጠጥም። በየመገጣጠሚያው ውስጥ አንዲት አጭር ሚስማር አለች። አቧራ ከዘይት ጋር ሲለወስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆንና ሚስማሯን ቀን ከሌት ይሞርዳታል። አንዷ የጸጉር ያህል ስትሳሳ ምንም አይደለም፤ መቶ ያህሉ አብረው ሲሳሱ ግን ካቴናው ይረዝማል፣ የረዘመውም የጥርሱን ብረት መብላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ወጪው እጥፍ ነው። ለማወቅ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ከሚስማር እስከ ሚስማር ግማሽ ኢንች ነው፤ አንዷን ዜሮው ላይ አድርጋችሁ ከእሷ ወዲያ 24ኛዋን ብትቆጥሩ ልክ 12 ኢንች ላይ መዋል አለባት። የኢንች አንድ ስምንተኛ ካለፈች ካቴናው አብቅቶለታል። ይህን ዓይነቱን ካቴና ሐንስ ሬኖልድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ማንችስተር ላይ አወጣው ይባላል በታሪክ። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ወጥቶ ወርዷል፣ የካቴናው ነገር ግን ያው ነው።

አጠባው ራሱ ብዙ ወሬ አይፈልግም። ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ውሃ ይበቃል። የደረቀውን ጭቃ በቅድሚያ በደረቁ ማራገፍ ነው፤ አሸዋውን ከነውሃው ካሻችሁት ቀለሙን ይፍቀዋል። ካቴናው ይቀድማል፦ ላምባ የነካ ጨርቅና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ከዚያ ገላዋ በሳሙና። ጎማው መሐል ኩሽኔታ ያለበት ላይ በላስቲክ ቧንቧ ውሃ የሚለቅ ሰው ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል፤ ውሃው ግሪሱን አጥቦ ያወጣና ዝገቱን አስገብቶ ይቀመጣል። ሐይቅ ዳር ወስዶ ማጠብ ይቀላል የሚሉም አሉ። ይቅለል፤ ያ ጥቁር ቅባት ጣና ላይ ሲንሳፈፍ ግን ማየት አልወድም። ሲደርቅ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በየመገጣጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ይደረግና ጥቂት ቆይቶ ከላይ የቀረው ይጠረጋል፤ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ዘይት የአቧራ ግብዣ ነው። የወጥ ዘይት? እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣ።

ጎረቤታችን እትዬ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለዚህ ነው እንዴ?» ይሉኛል። የምማረው ሥነ ጽሑፍ ነው፣ እውነታቸውን ነው፤ ስለ ብረት የሚያስተምረኝ የለም። ግን ማንበብ ማለት መስመር በመስመር፣ ሳይዘሉ መሄድ ከሆነ፣ ጨርቅ ይዤ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ባለፈው ጥቅምት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፈው የሚይዙትን ሁለት ብረቶች ሳጥብ፣ ላይኛው መጋጠሚያ ዘንድ ቀለሙ ክር በምታህል መስመር ተሰንጥቆ አየሁ። ጠረግሁት፣ አልለቀቀም። በጥፍሬ ስነካው ጥፍሬ ገባ። ጭቃው ሸፍኖት ነበር እንጂ ከስሩ ዝገት ይዟል፤ የቆየ ነው።

አባቴን ጠራሁት። ገና ከእንቅልፉ ተነሥቶ ፊቱን መታጠቡ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ፣ እሱም በጥፍሩ ነካው።

«እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ነው የተቀመጥሁት?» አለኝ።

ሌላ ምንም አልተናገረ። ያን ማታ በእግሩ ሄደ፤ በ11 ሰዓት ሳይሞላ ወጣ። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ሳይክል ጠጋኙ ከሌላ አሮጌ ፊኒክስ የተፈታ ደህና ብረት አገኘልን። እናቴ እስከዚያ ድረስ ሌሊት አንድ ጊዜ እየተነሣች በሩን ስትከፍትና ስትዘጋ እሰማ ነበር።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እመረቃለሁ፣ ሥራ ወዴት እንደሚጥለኝ አላውቅም። ታናሽ እኅቴ 11 ዓመቷ ነው፤ የጥርስ ብሩሹ ሥራ ከወዲሁ የእሷ ሆኗል፣ ማስመሪያውንም ትይዛለች። ለፊታችን ቅዳሜ የግራው ፔዳል እየተንገዳገደ ስለሆነ ይፈታል። የግራው ፔዳል ጥርሱ የተቀረጸው በተቃራኒ ነው፤ ሌላው ሁሉ ወደሚጠብቅበት፣ ሰዓት ወደሚዞርበት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ይህን ብነግራት አላመነችኝም። መፍቻውን አልጋዋ ሥር ደብቃለች፤ እኔው ራሴ ፈትቼ አያለሁ ብላለች።