ተኵላውና ጅቡ

በአምባሰል አገር በሐይቅ ዳርቻ ስናድግ፥ ማታ እሳት ዳር ከምንሰማው ተረት ሁሉ አብልጦ የሚያስፈራን፥ ቀን ሰው ሆኖ ውሎ ሌሊት ጅብ ስለሚሆነው ሰው የሚነገረው ነበር። የዛሬ ወጣቶች ግን እንዲህ ያለውን አውሬ በፊልም እያዩ ይወዱታል። ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ባሳተመው ተረት ተኵላው ቀይ ቆብ ያደረገችውን ልጅ ይበላትና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ካትሪን ሃርድዊክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባዘጋጀችው ፊልም ግን የልጅቱ ወዳጅ ተነክሶ ተኵላ ቢሆንም፥ እርሷ ትጠብቀዋለች እንጂ አትሸሸውም።

የእኅታችን ልጅ ይህን ስታሳየን አስቀድመን ሣቅን፤ ተኵላ ለመሆንም ይህን ያህል መልከ መልካም መሆን ያስፈልጋልን? አልን። ኋላ ግን ሣቁ ቀረ። በእኛ ተረት ጅቡ ጎረቤታችን ነበርና፤ ቡዳ የሚባሉት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሚስቱ ነበሩ። በእርሱ ማረሻ እናርሳለን፥ በእርሷ ምጣድ እንጀራ እንጋግራለን፤ ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ያቺ ልጅ ከሐይቁ ውኃ ስትቀዳ ባገኘናት ቍጥር፥ ዐይኗን እንዳናይ ተመክረን ስለ ነበረ፥ አቀርቅረን እናልፍ ነበር። ዛሬ መልኳን ለማስታወስ ብንደክም የሚታየን እንስራዋ ብቻ ነው።