ለብርድ አገር የሚሆን ቡችላ

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር በሜሴንጀር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ልጆቹ ውሻ ካልገዛችሁልን ብለው መቆሚያ መቀመጫ ነስተውናል። የሚኒሶታን ብርድ ታውቀዋለህ፤ እኛ ደግሞ ውጪ መዋል የምንወድ ቤተሰብ ነን። ለብርድ የሚሆነው የትኛው ዝርያ ነው?» ከሥሩ ፎቶ ይለጠፋል። ፎቶው ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ዓይን ያለው የሃስኪ ቡችላ ነው። ማለትም ምርጫው አልቋል፤ ከእኔ የሚፈለገው ምርቃት ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብያለሁ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከብርዱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። በጃንዋሪ 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትገባ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ፖስታ ቤት እንኳ ደብዳቤ ማደሉን አቁሞ እንደነበር እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የሰሜን ውሾች ግን ለዚህ የሚሆን ድርብ ጸጉር አላቸው። ውስጠኛው እንደ ጥጥ የላመና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አየር አፍኖ ይይዝና የገላን ሙቀት አያስወጣም። ውጪኛው ረዘምና ሸከር ያለ ሲሆን በረዶና እርጥበት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። በረዶ እየጣለ ውጪ የተኛ ሃስኪ ካያችሁ ጀርባውን ልብ በሉ፤ ያረፈበት በረዶ ቶሎ አይቀልጥም። ሙቀቱ ወደ ውጪ ስለማያመልጥ ነው። መዳፉም የራሱ ዘዴ አለው። ሞቃቱን ደም ወደ ታች የሚያወርዱትና የቀዘቀዘውን የሚመልሱት የደም ሥሮች ተጠጋግተው ስለሚያልፉ፣ የሚወርደው የሚመለሰውን ያሞቀዋል።

(በነገራችን ላይ ብርድ የለመደ የውሻ ዘመድ ፍለጋ ሳይቤሪያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባሌ፣ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ የእኛው ቀይ ቀበሮ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን በጭራው ሸፍኖ ያድራል። እሱን ግን ቤት ላስገባው የሚል እንዳይኖር፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 አይበልጡም።)

እንግዲህ ብርድ የሚችል ከተባለ ሃስኪ አለ፣ ማላሙት አለ፣ ሳሞየድ አለ፣ የኖርዌዩ ኤልክሃውንድ አለ፣ የስዊዘርላንዱ በርኒዝ አለ፣ ኒውፋውንድላንድ አለ። ላብራዶርም በዚያ አጭር ጸጉሩ ከምትገምቱት በላይ ይችላል። ስለዚህ «ብርድ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አያጣራላችሁም። የሚያጣራው ሌላ ነው፦ ይህ ውሻ ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ የተራባው ለምን ሥራ ነው? ጸጉሩን ብቻ ነጥሎ ቤት ማስገባት አይቻልም። ሥራውም አብሮ ይገባል።

ሃስኪን እንውሰድ። በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ የቹክቺ ሕዝብ ያራባው ቀላል ጭነት እየጎተተ እጅግ ሩቅ መንገድ እንዲሮጥ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ወደ አላስካ ተሻገረ። በ1925 ኖም በምትባለው የአላስካ ከተማ ዲፍቴሪያ ሲነሳ፣ መድኃኒቱ 1,085 ኪሎ ሜትር በውሻ በሚጎተት ስሌጅ ተጉዞ በአምስት ቀን ተኩል ደረሰ። 20 ነጂዎችና 150 የሚያህሉ ውሾች ናቸው እየተቀባበሉ ያደረሱት። ልጆቻችን በካርቱን ፊልም የሚያውቁት ባልቶ የመጨረሻውን ዙር የሮጠው ነው፤ ረጅሙንና አደገኛውን የመራው ግን ቶጎ ነበር፤ ያውም በ12 ዓመቱ።

አላስካ ሩቅ ነው ካላችሁ ዱሉት ሂዱ። በረዶ ካልጠፋ በስተቀር እዚያ በየዊንተሩ የጆን ቤርግሪዝ የስሌጅ ውድድር አለ፤ ስሙ የተወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ደብዳቤ በውሻ ያመላልስ ከነበረ የኦጂብዌ ተወላጅ ነው። እዚያ የሚሮጡት አብዛኞቹ ድብልቅ የአላስካ ሃስኪዎች ቢሆኑም ጠባዩ ያው ነው። ስሌጁ ከመለቀቁ በፊት ያለችውን ደቂቃ እዩልኝ። ውሾቹ ባሉበት ሽቅብ እየዘለሉ፣ ገመዱን እየነከሱ፣ እየጮኹ መሬት ይጠባቸዋል፤ ሰው በየጎናቸው ሆኖ ቀበቷቸውን ይዞም አይቆሙም። ልክ ሲለቀቁ ያ ሁሉ ጩኸት ባንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። የሚሰማው የእግራቸውና የበረዶው ድምፅ ብቻ ነው። ሲፈልጉት የነበረውን አገኙት።

አሁን ያንን ፍጥረት ብሉሚንግተን ያለ ታውንሃውስ ውስጥ አስገቡት። አባት ሁለት ሥራ፣ እናት ነርሲንግ ሆም የሌሊት ፈረቃ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ ኳስ። ሃስኪው ምን ይሥራ? አጥር ይዘላል። መዝለል ካቃተው ከሥሩ ይቆፍራል። ገመዱን ከፈታችሁለት ስሙን ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ። ደግሞ ያላዝናል። ሃስኪ እንደ ሌላው ውሻ ብዙ አይጮኽም፤ ማላዘን ነው የሚወደው። ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ የመጣች እናት ባለችበት ቤት ሌሊት ውሻ ሲያላዝን ምን እንደሚሆን መንገር አለብኝ? «ምን ሊያሰማን ነው!» ብላ ትነሳለች። ታማትባለች፣ ጠበል ትረጫለች፣ ሳይነጋ አገር ቤት ያለውን ዘመድ አንድ በአንድ እየደወለች ደህና መሆኑን ታረጋግጣለች። ውሻው የፈለገው ግን መሮጥ ብቻ ነበር።

ስለ ጸጉሩም ልጨምር። በዓመት ሁለት ጊዜ ውስጠኛው ጸጉር በእፍኝ በእፍኝ ይረግፋል። ምንጣፉን በማሽን ጠረግነው ብላችሁ ስትዞሩ ጥግ ጥጉ ላይ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። እሑድ ለቅዳሴ የምትለብሱት ነጠላ ጥልፉ ውስጥ ድረስ ይገባል፤ በእጅ እየለቀሙ ማውጣት ነው እንጂ ማራገፍ ብቻውን አይጠቅምም።

ሃስኪ መጥፎ ውሻ ነው እያልኩ አይደለም። በየቀኑ የምትሮጡ ከሆነ፣ ልጆቻችሁን ስኪ ካስጀመራችሁ፣ ዓለማችሁ ነው። ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ በዊንተር ስኪያቸውን አድርገው በውሻቸው እየተጎተቱ የሚበርሩ ሰዎች አሉ፤ ከሰውዬውና ከውሻው ማን የበለጠ ደስ እንዳለው መለየት ይቸግራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ተሯሯጡና ውሰዱ እላለሁ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ማላሙት ለፍጥነት ሳይሆን ለከባድ ጭነት የተራባ ነው፤ ወንዱ 38 ኪሎ ይደርሳል። ገመዱን ለስምንት ዓመት ልጅ ሰጥታችሁ በረዶ ላይ ብትለቋቸው ማን ማንን እንደሚያንሸራሽር አስቡት። ሳሞየድ ቆንጆና ተጫዋች ነው፤ የብሩሹ ሥራ ግን ሁለተኛ ሥራ ነው። ኒውፋውንድላንድ ልጅ ወዳድ ነው፣ ዋናም ይችላል፤ ከ60 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ራሱን ሲያራግፍ ለሃጩ ግድግዳ ላይ ይደርሳል። በርኒዝ ገር ነው፣ ሁሉም ይወደዋል፤ ዕድሜው ግን ከ7 እስከ 10 ዓመት ገደማ ነው፣ ካንሰርም በብዛት ያጠቃዋል። ዛሬ አምስት ዓመት የሆናት ልጃችሁ ሃይስኩል ሳትገባ ልትቀብረው ትችላለች። ይህ የማያሳስባቸው ቤተሰቦች አሉ። እኔን ያሳስበኛል።

ለአብዛኞቻችን የሚበጀው በእኔ ሚዛን ላብራዶር ነው፤ ወይም ላብራዶር የተቀላቀለበት የሼልተር ውሻ። ስሙ ላብራዶር ይባል እንጂ የዘር ሐረጉ ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ነው፤ አያቶቹ ከዓሣ አጥማጆች ጋር በረዷማ ውሃ ውስጥ እየገቡ ዓሣና ገመድ የሚያወጡ ነበሩ። ያ አጭር ጸጉር ድርብ ነው፣ ውሃም አያሳልፍም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጠባዩ ነው። የተራባው ከሰው ጎን ሆኖ እንዲሠራ፣ የተላከበትን ይዞ እንዲመለስ ነው። ስትጠሩት ይመጣል። በዊንተር ከልጆች ጋር በረዶ ላይ ይንከባለላል፤ በጁላይ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ነቀፋ ከተፈለገም አለበት፦ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ጫማ ይበላል፣ ሆዳም ስለሆነ ቶሎ ይወፍራል፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ካልተንቀሳቀሰ ቤቱን ያምሳል። ጸጉሩም ይረግፋል። ቢሆንም ለጀማሪ ቤተሰብ ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

«ውጪ ጥሩ ቤት ሠርተን እናሳድረዋለን፤ አገር ቤትስ ውሻ መቼ ቤት ገብቶ ያውቃል?» የሚሉኝ አሉ፤ በተለይ አባቶች። ልክ ናቸው፣ አይገባም። ግን አገር ቤት ግቢው ባዶ ሆኖ ያውቃል? ዘበኛው አለ፣ ልብስ አጣቢዋ አለች፣ ልጆች አሉ፣ የጎረቤት ሰው ይገባል ይወጣል። ውሻው ውጪ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። እዚህ ግን ግቢው ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ነው፤ አጥሩ፣ በረዶው፣ ውሻው፣ አለቀ። ውሻ የመንጋ እንስሳ ነው። ብርዱን የቻለ ሁሉ ብቸኝነቱን ይችላል ማለት አይደለም። ደግሞ ሕግ አለ። የሚኒሶታ ሕግ ውጪ ለሚቀመጥ ውሻ ነፋስና እርጥበት የማያስገባ፣ ወለሉ ጠጣርና እርጥበት የማያሳልፍ ወይም ከመሬት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በቂ ጉዝጓዝ ያለው ቤት ይጠይቃል። ከባድ ብርድ ሲመጣ ደግሞ የትኛውም ዝርያ ቢሆን ውጪ አያድርም፤ የጆሮውና የጭራው ጫፍ በውርጭ ሊመታ ይችላል። ቡችላማ ከናካቴው ሙቀቱን በደንብ መጠበቅ አይችልም። ለዚህ ነው የሚያመቻችሁ ከሆነ ቡችላውን በፀደይ ውሰዱ የምለው፤ በጃንዋሪ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቡችላ ሽንቱን እስኪሸና በረዶ ላይ ቆሞ መለማመጥን ለጠላቴም አልመኘውም።

ከብርዱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጨው ነው። መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፍ ይሰነጥቃል፤ ውሻው ሲልሰው ደግሞ ሆዱን ያውከዋል። በር ላይ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስቀምጡና ስትገቡ አራቱንም እግር እጠቡ፤ በጣቶቹ መሃል ያለውን ጸጉር አሳጥሩ፤ አለዚያ በረዶው እየተድቦለቦለ ይይዝና ውሻው ያነክሳል። የመኪና አንቱፍሪዝ ደግሞ ጣፋጭ መርዝ ነው። ጥቂት ከላሰ ኩላሊቱን ይጨርሰዋል። ጋራዥ ወለል ላይ የፈሰሰ ካለ ሳይውል ሳያድር ጥረጉት።

በጋውንም አትርሱ። ሚኒሶታ ጁላይ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ትገባለች፤ ወበቁም ሌላ ነው። ለብርድ የተሠራ ውሻ ያኔ ነው የሚቸገረው። በማለዳና በማታ አንሸራሽሩት። «ይቀዝቅዘው» ብላችሁ ድርብ ጸጉሩን ግን አታስላጩት፤ ያው ጸጉር ከፀሐይም ይከልለዋል፣ አንዳንዴም ተመልሶ በደንብ አያድግም።

አሁን ደግሞ የውሻ መጽሐፍ ላይ ስለማይገኘው የእኛ ቤት ጉዳይ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀዩም ነጩም። የቀይ ደም ሕዋሱን ያፈርስበታል፤ መቀቀሉም አያድነውም። የእኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በዓል ሲሆን እንግዳው ሁሉ «ውሻውም ይቅመስ» ብሎ የዶሮ ወጥ አጥንት ይወረውርለታል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ቆሎ ውስጥ የገባ ዘቢብም ኩላሊት ይጎዳል። እንግዳ ሲመጣ ውሻውን ሌላ ክፍል አድርጉት፣ ወይም ደፈር ብላችሁ «አትስጡት» በሉ። ለመስገድ ቤታችሁ የሚያርፍ ሙስሊም ወዳጅ ካለም አንድ ክፍል ለውሻው ሁልጊዜ ዝግ ይሁን። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ወግ ነው።

የት ይገኛል ለምትሉ፦ መጀመሪያ ሼልተር ሂዱ፤ አድጎ ጠባዩ የታወቀ ውሻ ከቡችላ ይልቅ ለሥራ ለሚሮጥ ቤተሰብ ይስማማል። ከአርቢ የምትገዙ ከሆነ እናቲቱን ከነቡችሎቿ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ እዩ፤ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ውጤት ጠይቁ፤ ከስምንት ሳምንት በፊት አትውሰዱ። በፎቶ ብቻ አሳይቶ «መያዣ በዜል ላኩ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። ውሻ ከመውሰዳችሁ በፊት በዚህ ዊንተር ሁለት ሳምንት ያለ ውሻ ሞክሩት። በየጠዋቱ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ስትመለሱ ግማሽ ሰዓት፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ቢነፍስም፣ ቢጨልምም። ሁለቱን ሳምንት ከጨረሳችሁ ጻፉልኝና አብረን እንመርጣለን። በሦስተኛው ቀን ካቆማችሁም ጻፉልኝ፤ ዓሣ ለቤት በጣም ጥሩ ነው።