ክስ መቼ መዝገብ ይገባል?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በጦርነቱ ወቅት በነፋስ መውጫ ተፈጸመ የተባለው ግፍ በመዝገበ ዕውቀት (ኢንሳይክሎፒዲያ) ውስጥ ራሱን የቻለ ርዕስ ይገባው እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው የአርታኢዎች ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የፖለቲካችን ሕመም በጉልህ የሚታይበት ሆኖ አገኘሁት፤ ብዙዎቻችን መልስ የምንሰጠው ከሳሹና ተከሳሹ እነማን እንደሆኑ ከጠየቅን በኋላ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። የትግራይ ኃይሎች የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ነፋስ መውጫን ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም ይዘዋት ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም መባቻ ባወጣው ዘገባ ጥቃት የደረሰባቸውን 16 ሴቶች እንዳነጋገረና ከእነርሱም 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን እንደገለጹለት አስታወቀ። ከ70 በላይ ሴቶች መደፈራቸውን እንዳመለከቱ የአካባቢው ባለሥልጣናት መናገራቸውን፣ የጤና ተቋማትም መዘረፋቸውን ጨምሮ ገለጸ። በዚያው ወር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በደቡብ ጎንደርና በሰሜን ወሎ ሲቪሎች ላይ ስለደረሰው ጉዳት የራሱን ዘገባ አወጣ።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት መከራከሪያ የታወቀ ነው፦ ቃሉ የተሰበሰበው ከሩቅ ነው፤ ቁጥሩ የተገኘው ከባለሥልጣናት ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔም የለም። እነዚህ መከራከሪያዎች ክብደት የላቸውም አልልም። ነገር ግን ከዚህ ቀደም የት ሰማናቸው? ይኸው ድርጅት በኅዳር 19 እና 20 ቀን 2013 ዓ.ም የኤርትራ ወታደሮች በአክሱም ሲቪሎችን ገድለዋል ብሎ በየካቲት ሲጽፍ መንግሥት ዘገባው ከስደተኞችና በስልክ በተሰበሰበ መረጃ ላይ የቆመ ነው ሲል ነቅፎት ነበር። በመጋቢት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሲቪሎች መገደላቸውን አስታወቀ፤ በግንቦት ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ተዋጊዎች ነበሩ አለ። የአክሱምን ዘገባ ያጣጣለ አፍ የነፋስ መውጫውን ሲያወድስ፣ የአክሱሙን ያወደሰ ደግሞ የነፋስ መውጫውን ሲያጣጥል አይተናል። ሚዛኑ አንድ ካልሆነ ሚዛን አይባልም።

ለመሆኑ ሚዛኑ ምንድን ነው? መዝገበ ዕውቀት ፍርድ ቤት አይደለም። አንድ ርዕስ ሲሰጥ «ይህ ተፈጽሟል» ብሎ መማሉ ሳይሆን «ይህን ጉዳይ ከባለጉዳዮቹ ውጭ የሆኑ ተቋማት በቁም ነገር መርምረው ጽፈውበታል» ማለቱ ነው። ስለዚህ ማን እንዳለ ይጠቀሳል፤ በምን መንገድ እንደተሰበሰበ ይገለጻል፤ የተከሳሹ ማስተባበያ ከጎኑ ይሰፍራል። በዚህ ሚዛን አክሱምም ነፋስ መውጫም ርዕስ ይገባቸዋል።

የተከሳሽን አመኔታ እንጠብቅ የሚሉ ወገኖች የጣሊያንን ነገር ያስታውሱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ቆመው ስለ መርዙ ጋዝ የተናገሩት ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር በይፋ ያመነው ግን በ1988 ዓ.ም ነው። መዝገቡ ያን ያህል ቢጠብቅ ኖሮ 60 ዓመት ሙሉ ባዶ ገጽ ይዞ በቆየ ነበር።

ይሁንና የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ነፋስ መውጫ ከወልድያ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ናት። ሠራዊትም ጋዜጠኛም መርማሪም የሚያልፈው በዚያ ነው። ስማዳና እስቴ ግን ከዚህ ጎዳና ወጣ ብለው ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል ዳግመኛ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ነገ ከዋናው መንገድ ርቆ ከሚገኝ ቀበሌ ተመሳሳይ ክስ ቢነሣ፣ መርማሪ ስላልደረሰበት ብቻ ለርዕስ የማይበቃ ይሆናል። ይህ ማለት ግን አልተፈጸመም ማለት አይደለም። መፍትሔው ግን ሚዛኑን ማቃለል አይመስለኝም፤ ወሬን መዝገብ ካደረግነው የእውነተኞቹ ተጎጂዎች ቃል ከወሬው ጋር አብሮ ይረክሳል። ይልቅስ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሐኪም ማስረጃውንና የተጎጂዋን ቃል በፈቃዷና ስሟን ሰውሮ ዛሬውኑ የሚያኖር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህም ክሱ በየትኛውም ወገን ላይ ቢነሣ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው። ንጋት በራሱ ጊዜ ይጠራል፤ እውነት ግን መዝግቦ የሚያቆየው ሰው ይሻል።

ቸር ይግጠመን።